ወይራ ለምን ይከብዳል?

ለእርጎ ዕቃ ማጠኛ ከገበያ የተገዛች የወይራ ፍልጥ በአንድ እጅዎ፣ ከአናጢ ቤት የተራረፈች የዋንዛ ቁራጭ በሌላው ይያዙ። መጠናቸው እኩል ቢሆንም ክብደታቸው አይገናኝም፤ የደረቀ ወይራ ወደ ዋንዛ እጥፍ ይጠጋል። በጥፍርዎ ጫን ቢሉት ዋንዛው ምልክት ይይዛል፤ ወይራው ግን ንክች አይልም። አናጢ ለበርና ለጠረጴዛ ዋንዛን የሚመርጠው፣ ወይራን መጋዝ ያደነዝዝብኛል ብሎ የሚሸሸውም ለዚህ ነው።

የዋንዛውን ጫፍ በስለታም ምላጭ ጠርበው ወደ ብርሃን ቢያዞሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያያሉ። የወይራውን ለማየት ግን አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። እነዚህ ቀዳዳዎች ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣባቸው ቧንቧዎች ናቸው። ሰፊ ቧንቧ ብዙ ውሃ ያሳልፋል፤ ብዙ ውሃ ያገኘ ዛፍ ሰፋፊ ቅጠል ዘርግቶ ቶሎ ያድጋል። አደጋው የሚመጣው አፈሩ ሲደርቅ ነው። ቅጠሉ ውሃውን አጥብቆ ሲስብ ቧንቧው ውስጥ አየር ይገባና መስመሩ ይቋረጣል። ይህ በአብዛኛው ቀድሞ የሚደርሰው በሰፊዎቹ ላይ ነው።

ዋንዛ መላ አለው፤ በጋው ሲከር ቅጠሉን ያራግፋል። ወይራ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደለመለመ ይቆያል። ቅጠሉ ጠባብና ወፍራም ነው፤ ጀርባው ውሃ እንዳይተን በሚከላከሉ የዝገት ቀለም ባላቸው ቅርፊቶች ተሸፍኗል። ቧንቧው ጠባብ፣ ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ ድርቅን ይችላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው በአዝጋሚ እድገት ነው። የሚከብደው ግድግዳ ስለበዛበት፣ ከሰሉ እሳት የሚያቆየውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ቦታ ዛፍን የሚመርጠው እንዲህ ነው። ይህን በአንድ ቀን መንገድ ማየት ለሚፈልግ ከባሌ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ አምባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ሐረና ደን ውስጥ ገብቶ 1,500 ሜትር አካባቢ ድረስ ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ካፖርት ለብሶ የተነሳ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ ሸሚዝ ብቻ ይበቃዋል።

ሳነቴ ላይ ዛፍ የለም። ጅብራ አለ፤ ቁመቱ ከሰው ቢበልጥም ዛፍ አይባልም፤ ለዓመታት ቆይቶ አንዴ አብቦ ይሞታል። ብዙ ሰው እዚያ ዛፍ የጠፋው ምግብ መሥራት ስላቃተው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቅጠል በብርድም ቢሆን ፀሐይ እስካለ ድረስ ስኳር ይሠራል፤ ብርዱ የሚያስቆመው ያንን ስኳር ወደ እንጨት የሚለውጠውን የሴሎች መባዛት ነው። ሊጡ ቦክቶ ምጣዱ አልግል እንዳለ ቤት ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ የደን ጠርዝ የሚገኘው የእድገት ወቅት አማካይ ሙቀት 6 ዲግሪ አካባቢ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ነው። ሣርና አጫጭር ተክል ከመሬት ጋር ተጣብቆ ቀን ፀሐይ ያሞቀውን አየር ስለሚጠቀም ከዚያ በላይም ይኖራል፤ ዛፍ ግን ቁመቱ ነፋስ ላይ ያወጣዋል።

ወረድ ሲሉ መርፌ የመሰለ ቅጠል ያለው አስታ ይቀበልዎታል። ቢቃጠል እንኳ ከግርጌው እንደገና ያቆጠቁጣል። ቀጥሎ ኮሶና አምጃ ይመጣሉ፤ ጭጋግ በሚያጥበው ቀጠና ግንዳቸው ሁሉ ሽበት በመሰለ ነገር ተሸፍኗል። እስከዚህ ድረስ የዛፉን ዓይነት በጣት መቁጠር ይቻላል።

ከዚያ በታች ግን ቆጠራው ያታክታል። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲገኙ የመኖሪያው መንገድ ይበዛል። ቀረሮ ወደ ላይ ተስቦ ፀሐዩን ይይዛል። ጌተም ከመሬት መነሳት ሳያስፈልገው ሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ ሥሩን ወደ ታች ይልካል። የጫካ ቡና ደግሞ በተረፈው ብርሃን፣ በጥላ ሥር፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉን ዘርግቶ ይኖራል። ችግሩ እዚህ ብርድ መሆኑ ይቀርና የጎረቤት ጥላ ይሆናል።

ተራራው አንድ ሆኖ ሳለ ሰሜኑ ሌላ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር የደቡቡን ተዳፋት ሲወጣ ይቀዘቅዝና ውሃውን እዚያው ያራግፋል፤ በሰሜን፣ በዲንሾ በኩል የሚደርሰው ያነሰ ነው። ስለዚህ በዚያ ወገን ጥድ ይገንናል። የጥድ ግንድ ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜውን እነግራለሁ የሚል ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ዛፉ በዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል።

በክረምት የችግኝ ተከላ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ የሚል ነው። ቦታ ዛፍን የሚመርጥ ከሆነ ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። ከቆላ እናት ዛፍ የተለቀመ የዋንዛ ዘር ደጋ ላይ ውርጭ ይመታዋል፤ የእርጥብ ደኑን ቀረሮ ደረቅ ኮረብታ ላይ መትከልም ችግኝ መጣል ነው። ከችግኝ ጣቢያ ሲወስዱ ከዛፉ ስም ቀጥለው ዘሩ ከየትኛው ከፍታ እንደተለቀመ ይጠይቁ፤ መልስ የሚያጡ ከሆነ በግቢዎ አካባቢ ራሱን ችሎ ካደገ ዛፍ ዘር ለቅመው ይዝሩ።