ለሐምሌና ለነሐሴ አንድ መጽሐፍ

ሐምሌ ሲገባ የደቡብ ጎንደር ሰማይ ይከብዳል። የጉማራ ወንዝ ይሞላል፤ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ ያለው አገር አረንጓዴ ይለብሳል። በአንበሳሜ ቤት ተከራይተው፣ ከገጠር ስንቅ እየተሸከሙ ሲማሩ የከረሙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደብተራቸውን ሰብስበው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ቀን ቀን እርሻና አረም ይጠብቃቸዋል። ማታው ግን ረጅም ነው፤ ዝናቡ አያስወጣም፣ መብራትም እንደ ዕድል ነው። መስከረም እስኪጠባ ድረስ ያ ሁሉ ማታ በምን ይሞላል?

እርስዎ ይህን የሚያነቡት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሆነው ከሆነም ጥያቄው ብዙ አይለይም። የከተማው ልጅ አረም የለበትም፤ ስልክ ግን አለው። ስልኩን ነጥቆ ባዶ እጁን ማስቀመጥ ጠብ ያመጣል እንጂ አንባቢ አያደርገውም። በእጁ የሚተካ ነገር ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ቀላል ነው። ለዘጠነኛ፣ ለአሥረኛ፣ ለአሥራ አንደኛም ሆነ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅዎ የአሥር መጻሕፍት ዝርዝር አይስጡት። ለሐምሌና ለነሐሴ አንድ መጽሐፍ፣ ያውም ዘመን የተሻገረ አንድ ትልቅ ድርሰት፣ ከዳር እስከ ዳር ያንብብ።

ለምን የቆየ ድርሰት?

ልጆቻችን ታላላቅ ድርሰቶችን የሚያውቋቸው አብዛኛውን ጊዜ በቅንጫቢ ነው። በአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ገጽ ያነባሉ፤ ከሥሩ አምስት ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ያልፋሉ። እንዲህ ሲሆን የገጸ ባሕርያቱን ስም ይይዛሉ፤ ሰዎቹን ግን አያውቋቸውም። ረጅም ልብ ወለድ የሚያስተምረው ትልቁ ነገር ደግሞ መታገሥ ነው፤ ዛሬ ያልገባኝ ሰው ነገ ይገባኝ ይሆናል ብሎ ገጽ መግለጥ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ ልብ ወለድ ብቻውን መድኃኒት አይሆነውም። ሆኖም ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን መያዝ ያልለመደ ልጅ ታሪክም ይፈተን ባዮሎጂ መቸገሩ አይቀርም።

በአማራ ክልል ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ደወል ባልተደወለበት ዓመት ልጁን ከፊደል ጋር አያይዞ የሚያቆየው ቤት ውስጥ ያለ መጽሐፍ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የክረምት ንባብ ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ የትምህርቱ ክር እንዳይበጠስ የሚይዝለት እጅ ነው።

ድርሰቱ ከደጃፍ ነው

የአንበሳሜ ልጅ ድርሰት የሩቅ አገር ሰዎች ሥራ እንዳይመስለው በዙሪያው ያለውን ያሳዩት። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት እዚያው ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው መጽሐፋቸው «ልብ ወለድ ታሪክ» ዛሬ «ጦቢያ» በሚለው ስሙ ይታወቃል። የ«አልወለድም» ደራሲ አቤ ጉበኛ ከጣና ማዶ የአቸፈር ሰው ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን ጎንደሬ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው።

ደብረ ታቦር ራሷ ደግሞ የድርሰት ምንጭ ሆናለች። ዓፄ ቴዎድሮስ ከተማቸው አድርገዋት ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በአጠገቧ ባለችው በጋፋት ነው። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ም ሆነ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» የሚተርኩት ስለእኚሁ ንጉሥ ነው። ጋፋትን በእግሩ የረገጠ ልጅ እነዚህን መጻሕፍት ሲያነብ ቦታውን በዓይነ ሕሊናው መፍጠር አይጠበቅበትም፤ ያውቀዋል።

ከዚያም በፊት የቃል ሀብት የሞላበት አገር ነው። በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት ሲማሩ የኖሩ የቆሎ ተማሪዎች ቃልን በማጥናትና በማመላለስ ዓመታት ያሳልፉ ነበር። ማንበብና ማሰላሰል ለዚህ አገር ልጅ ባዕድ ነገር አይደለም።

በቀን ዘጠኝ ገጽ

አንድ ብቻ ምረጡ ብባል «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቀድማለሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ልጁ ውፍረቱን አይቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሒሳቡን አብረውት ይሥሩ። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው። በቀን ዘጠኝ ገጽ ቢነበብ 540 ገጽ ይሆናል። የቀረ ካለ ለጳጉሜን ይተርፋል። ዘጠኝ ገጽ ደግሞ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል እስኪቀዳ ድረስ ሊያልቅ ይችላል።

መጽሐፉን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ተገቢ የሚያደርገው ፍቅሩ ብቻ አይደለም። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው፤ ፍቅሩ የሚጀምረው ከፊደል አጠገብ ነው። አባትየው ልጃቸውን ለጠየቀ ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ይመልሳሉ። ገበሬዎቹ ከልማድ ውጭ ግብር ሲጠየቁ እንቢ ይላሉ። ጉዱ ካሳ ደግሞ ሁሉም የተስማማበትን ነገር እየተቃወመ እንደ እብድ ይቆጠራል። ልጅቱ ስለ ትዳሯ የምትወስነው እሷ ናት ወይስ ቤተሰቧ? ባለሥልጣን ሲያጠፋ ምን ይደረጋል? ብቻውን እውነት የሚናገር ሰው ዕጣው ምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬም አንበሳሜ ውስጥ አሉ፤ ቦሌም አሉ።

ሴት ልጅ ካለችዎት መጽሐፉ ሌላም በር ይከፍትልዎታል። ስለ ጋብቻና ስለ ትምህርቷ ፊት ለፊት ሲያነሡባት የምታቀረቅር ልጅ፣ ስለ ሰብለ ወንጌል ሲጠየቁ ብዙ ትናገራለች። የሌላ ሰው ታሪክ መናገሪያ ይሆናታል። እርስዎም ጆሮዎን ብቻ ያቅርቡ።

ለየትኛው ልጅ የትኛው?

ሁሉም ልጅ በትልቅ መጽሐፍ መጀመር የለበትም። ንባብ ለማይወድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ጦቢያ» አጭር ናት። የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትወጣ ልጅ ታሪክ ነው፤ ቋንቋው የጥንት ቢሆንም ነገሩ ይጎትታል።

ታሪክ ለሚወድ ልጅ ከላይ ያነሣኋቸው የቴዎድሮስ መጻሕፍት አሉ። ጋዜጠኛ መሆን ለሚመኝ፣ የአሥራ አንደኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለሆነ፣ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ወይም «ኦሮማይ» ይሆነዋል። ከቋንቋ ጋር መታገል ለሚወድ ደግሞ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» አለ፤ ከባድ ነው፣ ግን የለፋበትን አያሳፍርም።

ቴአትር የሚወድ ልጅ ሼክስፒርን በአማርኛ ያገኛል። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሃምሌት»ን ተርጉመዋል። በእንግሊዝኛ ከመግጠሙ በፊት ታሪኩን በእናት ቋንቋው ያወቀ ተማሪ ግማሽ መንገድ ሄዷል። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የሚያነብ ልጅ ካለ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ይህን ይንገሩት፦ ነቢይ መኮንን ያን ወፍራም የአሜሪካ ልብ ወለድ የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት የለኝም፣ ጊዜ የለኝም የሚል ሰበብ ከዚህ ታሪክ ፊት አይቆምም።

ቤት ውስጥ እንዴት ይሁን?

የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው። በዚያ ሙያ መጀመሪያ የምንማረው፣ ሰው ያልቀመሰውን እንደማይገዛ ነው። «ማንበብ ጠቃሚ ነው» እያሉ ከመምከር የመጀመሪያውን ምዕራፍ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው። ከዚያ ያቁሙ። የሚቀጥለውን ማን ያንብብ? ተራ ይያዝ። ታናናሾቹም ይሰማሉ።

እርስዎ ማንበብ ካልሆነልዎት ወጋየሁ ንጋቱ አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከበት ድምፅ ዛሬም በስልክ ይገኛል፤ ብዙ ወላጆች መጽሐፉን መጀመሪያ ያወቁት በእሱ ነው። ልጁ እየሰማ በመጽሐፉ ላይ በዓይኑ ቢከተል ንባቡም ይፈጥናል። መብራት ሲጠፋም ትረካው አይጠፋም፤ ስልኩን ቀን ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው።

አስቸጋሪ ቃል ሲያጋጥመው ወደ አያቱ ይላኩት። ርስት፣ ጉልት፣ ጭሰኛ፣ መልከኛ፤ እነዚህን ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የኖሩ ሽማግሌዎች ያውቋቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከመምህሩም አብልጠው። አንድ ቃል ብሎ የሄደ ልጅ አንድ ታሪክ ይዞ ይመለሳል። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ በቴፕ ቀርጸው መጽሐፍ አድርገውታል። የእርስዎ ልጅ ደግሞ ስልክ ይዟል፤ የአያቱን ድምፅ ይቅረጽበት።

የመጽሐፍ ዋጋ ከባድ መሆኑ አይካድም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና አራት ቤተሰብ አዋጥቶ አራት የተለያየ መጽሐፍ ይግዛ፤ ልጆቹ ይለዋወጡ። የአዲስ አበባ ልጅ ወመዘክርና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አሉት። ለአንበሳሜው ግን ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር የሚሄድ ዘመድ ይላክ፤ ወይም አዲስ አበባ ያለው አጎት ከብስኩቱ ጋር አንድ መጽሐፍ ይላክለት። ወደ ገጠር የሚሄድ ከሆነ በፌስታል ይጠቅለል፤ የሐምሌ ዝናብ ለመጽሐፍ አይራራም።

ሁለት ነገሮችን ግን ይጠንቀቁ። ንባብን መቀጫ አያድርጉት፤ ጥፋት ሠርቶ መጽሐፍ የተሰጠው ልጅ መጽሐፉን ከጥፋቱ ጋር ያስበዋል። ቀን እርሻ ላይ የዋለን ልጅ ደግሞ በዘጠኝ ገጽ አያስጨንቁት፤ ሦስትም ያንብብ፣ ዛሬ እንቅልፍ ቢያሸንፈውም ነገ ይቀጥል።

ደቡብ ጎንደር ላይ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለው ቃል በቀጥታ ከስሟ ጋር የተያያዘ ነው፤ ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ነውና። በዚያ ቀን ልጅዎ መጽሐፉን አጋምሶ ከሆነ በርቱ ነው። ገና ከሆነም ሙልሙሉን እየበላ ያንብብ፤ ጊዜ አለው።

ጳጉሜን ሲገባ ፈተና አያውጡለት፤ ማጠቃለያም አያስጽፉት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ ጉዱ ካሳ ዛሬ በእኛ ሰፈር ቢኖር ምን ብሎ ይቆጣን ነበር? ከዚያ ሳያቋርጡት ይስሙት።