ከዐይን የማይወጣው ሌንስ

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን በድምፅ ብቻ መለየት ሲጀምሩ፣ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የዐይን ሞራ ነው፤ በተፈጥሮ ጥርት ያለው የዐይን ሌንስ ደፍርሶ ብርሃን ይከለክላል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ካለው ዐይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው ሞራ ነው። ሞራን ጠብታ አያጠፋውም፤ ፈውሱ የደፈረሰውን አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ማስገባት ነው።

ኮንታክት ሌንስ ከዐይን ገጽ ላይ ተለጥፎ ይውላል፤ አብዛኛው ዓይነት ማታ ወልቆ በራሱ ፈሳሽ ይታጠባል። ይህ የሞራው ምትክ ሌንስ ግን ከብሌኑ በስተኋላ ተቀምጦ ዕድሜ ልክ ይኖራል። የሚታይበት ክፍል ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ የምስር ፍሬ ያህል ነው።

ነገሩ የተጀመረው ለንደን ነው። ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመቱ አብራሪዎች ዐይን ውስጥ የገባው የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ ዐይናቸውን እንደማያስቆጣ አስተዋለ፤ በ1949 እ.ኤ.አ. ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ለሰው ተከለ። ሌንሱ ለረጅም ጊዜ ለድኻ የማይቀመስ ውድ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያዊው ሐኪም በፍሬድ ሆሎውስ ስም አስመራ ላይ፣ ቀጥሎም ኔፓል ውስጥ የተከፈቱት ፋብሪካዎች ዋጋውን ከ10 ዶላር በታች አወረዱት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዐይኑ ይለካል፤ የሌንሱ ቁጥር እንደየሰው ይለያያልና። በአካባቢያችን ትራኮማ ብዙ ስለሆነ የሽፋሽፍት ፀጉርም ይታያል፤ ተቀልብሶ ዐይን የሚወጋ፣ በወረንጦ ሲነቀል የኖረ ፀጉር ካለ አስቀድሞ መታከም አለበት፤ አለዚያ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። ዐይኑን ብቻ በመርፌ አደንዝዞ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

አብዛኛውን ጊዜ ፋሻው በማግስቱ ይፈታል። መጀመሪያ ብርሃኑ ይበረታል፣ እንባ ይወርዳል፣ ዐይን ይቆረቁራል፤ ነጩ ጋቢ ከለመዱት በላይ ይነጣል። ይህ በቀናት ውስጥ ይለመዳል። ጠብታው ግን ለሳምንታት በሰዓቱ ይደረጋል። ዐይን አይታሽም፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ውኃ፣ ጠበልም ቢሆን፣ አይነካውም፤ ከምድጃ ጢስ፣ ከአውድማ አቧራና ከከባድ ሸክምም መራቅ ይገባል። ሕመሙ ከባሰ፣ ዐይኑ ከቀላ ወይም እይታው ከቀነሰ ሳያድሩ መመለስ ነው። ሌንሱ አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ስለሚመጠን፣ የጉናን ተራራ አጥርቶ ያየ ሰው መርፌ ለመሰካትና ዳዊት ለመድገም የቅርብ መነጽር ሊያስፈልገው ይችላል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከሌንሱ በስተጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ቢደፈርስም በሌዘር ይጠራል።

«ሞራው ይብሰል» እያሉ መጠበቅ ጉዳት አለው፤ በጣም የጠነከረ ሞራ ለማውጣት ያስቸግራል። ስለዚህ በቤታችሁ ግድግዳ እየዳበሰ የሚሄድ ወላጅ ካለ፣ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ አሳዩትና ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዐይን ሕክምና ውሰዱት። በሞራ የጠፋ ብርሃን በአብዛኛው ይመለሳል።