የሲቲ ፎቶዬን ማን ይጠብቀዋል?

 

በቢሮ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ሆስፒታል በኮምፒውተር ተጠለፈ ሲሉ ሰማሁ። የእኔን የሳንባ ፎቶ ቢለውጡትስ? ሲቲውን ብተወው አይሻልም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «አይተዉት» ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ድሮ ራጅ ጥቁር ፊልም ነበር፤ በፌስታል ተይዞ ቤት ይመጣል። ዛሬ የሲቲና የኤም አር አይ መሣሪያ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ነው። ፎቶውን በሆስፒታሉ የውስጥ መስመር ወደ አንድ ማከማቻ ይልካል፤ ሐኪሙም ከሌላ ክፍል ሆኖ ያየዋል። ይህ ሕክምናን ያፋጥናል። ግን መስመሩ እንደ መንገድ ነው፤ በር ካልተቆለፈ ሌባም ይሄድበታል።

በ2019 የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ፈተሹ። አንዱ ተመራማሪ በአንድ ሆስፒታል ፈቃድ ገብቶ ትንሽ መሣሪያ ከሲቲው መስመር ጋር አያያዘ፤ የፈጀበት 30 ሰከንድ ነው። ከዚያ በሳንባ ፎቶዎች ላይ የሌለ ካንሰር ጨመሩ፣ ያለውንም አጠፉ። ፎቶዎቹን ያዩት 3 የራጅ ሐኪሞች ካንሰር በተጨመረባቸው ከመቶ 99፣ በጠፋባቸው ደግሞ ከመቶ 94 ያህል ተሳሳቱ። ይህ የተደረገው ለሙከራ ነው፤ ዓላማው ሆስፒታሎች በራቸውን እንዲቆልፉ ለማስጠንቀቅ ነበር።

እውነተኛ ጥቃትም አይተናል። በኦክቶበር 2021 በሐዴራ የሚገኘው የሂሌል ያፌ ሆስፒታል ኮምፒውተሮች ተቆለፉ፤ ጠላፊዎቹ ገንዘብ ጠየቁ። ሠራተኞቹ በወረቀትና በእስክሪብቶ መሥራት ጀመሩ፤ አንዳንድ በሽተኞችም ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩ።

በሩ የሚቆለፈው እንዴት ነው? የራጅ መሣሪያዎች ከቢሮ ኮምፒውተሮችና ከእንግዶች ኢንተርኔት በተለየ መስመር ይሠራሉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይኖረዋል። መሣሪያው ብዙ ዓመት ስለሚያገለግል በውስጡ ያለው ፕሮግራም ያረጃል፤ በየጊዜው መታደስ አለበት። ፎቶውም ዲጂታል ማኅተም ይደረግበታል፤ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ማኅተሙ እንደተሰበረ ኮምፒውተሩ ያውቃል። ይህ ሁሉ የሆስፒታሉ ሥራ ነው እንጂ የእርስዎ ሸክም አይደለም።

ከቅርያት መላኺ፣ ከገደራ ወይም ከያቭኔ ወደ ሬሖቮት፣ ወደ አሽዶድ ወይም ወደ አሽቀሎን ለምርመራ ሲሄዱ ግን እነዚህን ያስታውሱ፦

• ቀጠሮዎን አይሰርዙ። ጥቃት የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ሳይታይ የቀረ በሽታ ግን ዝም ብሎ ያድጋል።

• የፎቶውን ዲስክና የውጤቱን ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ። ከ1996 ጀምሮ የበሽተኛ መብት ሕግ ይህን ይፈቅድልዎታል። የድሮውንም አይጣሉ፤ ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር ያስተያየዋል።

• ስምዎና የመታወቂያ ቁጥርዎ በትክክል መጻፉን ያረጋግጡ።

• ውጤቱ ከሚሰማዎት ሕመም ጋር ካልተስማማ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሌላ ሐኪም እንዲያየው መጠየቅም መብትዎ ነው። ዕብራይስጡ ከከበደዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

• «ከሆስፒታል ነን» ብሎ ለሚደውል ሰው በስልክዎ የመጣልዎትን ኮድ አይንገሩ። ስልኩን ዘግተው ወደ ኩፓት ሆሊምዎ ራስዎ ይደውሉ።

እኚያ እናት ሲቲያቸውን ተነሡ። ዲስኩን «ከልጆቼ ፎቶ ጋር አስቀመጥኩት» አሉኝ። ጥሩ ቦታ ነው። እናንተም ያልገባችሁ ደብዳቤ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።