ፎርሙ እስኪያልቅ ማን ይያዘው?

በአፓቼ ኮኩን የተሠራ የቆየ ሲስተም የተረከባችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ ፎርሙ ሰብሚት ሲደረግ በአክሽን ልቀበለው ወይስ በፍሎውስክሪፕት?

እኔን ያስተማረችኝ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፍ መመዝገቢያ ባለ አራት ገጽ ፎርም ሠርቼ ነበር። ልጅቷ የአማካሪዋን ስም፣ ቁልፍ ቃላቱን፣ አብስትራክቱን አስገብታ አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። የእሷ ላፕቶፕ ባትሪ ነበረው፤ የእኛ ሰርቨር ግን ጠፋ። መብራት ሲመጣ «ቀጥል» የሚለውን ነካች፤ የስህተት ገጽ መጣባት። አብስትራክቱን ከደብተሯ እያየች እንደ አዲስ ስትተይብ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ኮኩን ውስጥ ማንኛውም ጥያቄ መጀመሪያ የሚያርፈው ሳይትማፑ ላይ ነው፤ የትኛውን አድራሻ ማን እንደሚያስተናግድ የሚወስን የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። አክሽን ከሆነ ሳይትማፑ የጃቫ ክላስ ይጠራል፤ ክላሱ የተላከውን ይመረምራል። ከተሳካ በአክሽኑ ውስጥ የተጻፈው ይሠራል፣ ካልተሳካ ይታለፋል። በቃ፣ እዚያ ያልቃል።

ፍሎውስክሪፕት ሌላ ነው። በጃቫስክሪፕት «ገጹን ላክና ጠብቅ» ትሉታላችሁ፤ ፕሮግራሙ የያዘውን እንደያዘ እዚያው መስመር ላይ ይቆማል። ለቆመበት ቦታ ረጅም መለያ ይሰጠዋል፤ ፎርሙ ወደዚያ መለያ ሲላክ ከቆመበት ይቀጥላል። ባለ ብዙ ገጽ ፎርም ላይ ምን ያህል እንደሚያቀል የሠራበት ያውቀዋል፤ እኔ አሁንም እወደዋለሁ። ግን ይህ ኮንቲኒዌሽን የሚባለው ነገር የሚቀመጠው ሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ ነው። ከኮኩን ጋር የሚመጣው ቅንብር የሚሰጠው ዕድሜ 3,600,000 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ከጠፋ ያቺም የለችም። የልጅቷ ሦስት ገጽ የነበረው እዚያ ብቻ ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ዲስፔስ የተባለውን የጽሑፍ ማከማቻ ሶፍትዌር ኮድ ሳነብ ነው። የድሮው የዲስፔስ ገጽታ፣ ኤክስኤምኤልዩአይ፣ በኮኩን የተሠራ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው 7ኛው እትም ነው የተወው። በዚያ ገጽታ ጽሑፍ ማስገቢያውን ገጽ በገጽ የሚመራው ፍሎውስክሪፕት ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ገጽ ሲላክ «ያልተጠናቀቀ» ተብሎ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባ ነበር። ሰውየው በሳምንቱ መጥቶ ካቆመበት ይቀጥል ነበር።

ስለዚህ እኔ ባለ አንድ ገጽ ፎርም በአክሽን እቀበላለሁ። ከአንድ ገጽ ካለፈ ፍሎውስክሪፕት፣ ግን በየገጹ ዳታቤዝ ላይ እየጻፍኩ። የመጨረሻው ከተቀመጠ በኋላ ወደ ሌላ አድራሻ ሪዳይሬክት አደርጋለሁ፤ ሰው ገጹን ሪፍሬሽ ቢያደርግ ሁለቴ እንዳይመዘገብ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ሦስት ገጽ ሙሉና ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሱት። ተመልሳችሁ ግቡ። የሞላችሁት እዚያው ከጠበቃችሁ ለተማሪዎቹ ክፈቱላቸው።