333 ዓመት ውኃ ውስጥ የተኛችው መርከብ እንዴት ወጣች?

የዛሬው የሳይንስ አምዳችን አንድ ጥያቄ ይዞላችሁ መጥቷል። የሰጠመ ትልቅ የእንጨት መርከብ ሳይሰበር ማውጣት ይቻላል? «በክሬን ጎትቶ ማውጣት ነዋ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብነው። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። እስቲ የቫሳን ታሪክ እንመልከት።

ቫሳ እንዴት ሰጠመች?

ቫሳ የስዊድን የጦር መርከብ ናት። ያሠራት ንጉሥ ጉስታቭ 2ኛ አዶልፍ ነው። 64 መድፎች ነበሯት። ችግሯ ምን መሰላችሁ? ከላይ በጣም ከባድ ሆና መሠራቷ ነው። ከጉዞዋ በፊት 30 ሰዎች ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው ጎኗ እየሮጡ ተፈትና ነበር። ልትገለበጥ እስክትደርስ ስለተወዛወዘች ፈተናው እንዲቆም ተደረገ። ንጉሡ ግን ቶሎ እንድትነሣ ይፈልግ ስለነበር ጉዞው አልቀረም።

በፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 10 ቀን 1628 ከስቶክሆልም ተነሣች። 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ መጣና ወደ ጎን አዘነበለች። ክፍት በነበሩት የመድፍ መስኮቶች ውኃ ገባ፣ ሕዝብ እያየም ሰጠመች። ወደ 30 ሰዎች ሞቱ። ፈተናውን ያዩ ሰዎች ደፍረው «አትሂድ» ብለው ቢያስቀሯት ኖሮ እነዚህ ሰዎች ባልሞቱ ነበር።

ለምን አልበሰበሰችም?

በብዙ ባሕሮች ውስጥ እንጨት የሚበላ ትል አለ። ይህ ትል ጨው የበዛበት ውኃ ይፈልጋል። የባልቲክ ባሕር ደግሞ ጨው ያንሰዋል፣ ስለዚህ ትሉ ቫሳ ጋ አልደረሰም። ውኃውም ቀዝቃዛ ስለሆነ እንጨቷ ሳይበሰብስ ቆየ።

እንዴት ወጣች?

በ1956 አንደርስ ፍራንዜን የሚባል ሰው ከጀልባ ላይ በገመድ መሣሪያ እየጣለ ሲፈልግ፣ መሣሪያው ጥቁር የእንጨት ቁራጭ ይዞለት ወጣ። አገኛት ማለት ነው! 32 ሜትር ጥልቀት ላይ ነበረች።

ከዚያ ጠላቂዎች ገቡ። ጨለማ ውስጥ፣ በመርከቧ ሥር፣ በኃይለኛ ውኃ ጭቃውን እየቦረቦሩ ስድስት ዋሻ ቆፈሩ። ከራሳቸው በላይ ያ ሁሉ እንጨት እንዳለ አስቡት! በዋሻዎቹ ውስጥ የብረት ገመድ አሳልፈው፣ ገመዱን ላይ ከሚንሳፈፉ ሁለት ትልልቅ የብረት ታንከሮች ጋር አሰሩት።

አሁን ዋናው ሳይንስ መጣ። መጀመሪያ ታንከሮቹ ውኃ ተሞልተው ዝቅ አሉ። ገመዱ ተወጠረ። ከዚያ ውኃው በፓምፕ ተቀዳ። ታንከሮቹ አየር ሲሞሉ ቀለሉና ወደ ላይ ተነሡ፤ መርከቧንም ይዘዋት ተነሡ። ውኃ ራሱ ተሸከማት ማለት ነው! ትንሽ ከፍ ስትል ጥልቀቱ ወደሚያንስ ቦታ ወሰዷት፣ አስቀመጧት፣ እንደገና አነሧት። በ1959 ይህን 18 ጊዜ አደረጉ። ቸኩለው በአንድ ጊዜ ቢያነሧት ልትሰበር ትችል ነበር።

ቀጥሎ ጠላቂዎቹ የብረት ምስማሮቿ ዝገው የተዉትን ቀዳዳ አንድ በአንድ ደፈኑ፣ የመድፍ መስኮቶቹንም ዘጉ። ይህ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ቫሳ ከውኃ በላይ ብቅ አለች። ውስጧ ያለው ውኃ በፓምፕ ሲወጣ ደግሞ በራሷ ተንሳፈፈች!

ሥራው አላለቀም

ካሮት ፀሐይ ላይ ሲውል ምን ይሆናል? ይጨማደዳል አይደል? ውኃ የጠጣ አሮጌ እንጨትም ድንገት ከደረቀ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል፣ ሰም የሚመስል ነገር ከውኃ ጋር እየተቀላቀለ ለ17 ዓመት ተረጨባት። የውኃውን ቦታ ቀስ በቀስ ይህ ነገር ያዘው። ዛሬ ቫሳ ስቶክሆልም በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ናት።

እናንተም ሞክሩት

ባልዲ ውኃ ሙሉ። ትንሽ ድንጋይ ጣሳ ውስጥ ጨምሩና የጣሳውን ግራና ቀኝ ሁለት ባዶ ሃይላንድ እሰሩ፤ የሃይላንዶቹ አፍ ክፍት ሆኖ ወደ ታች ይሁን። ሃይላንዶቹን ውኃ አስሞልታችሁ ጣሳውን አስጥሙት። አሁን ሁለት ልጆች በየራሳችሁ ስትሮ (አትዋዋሱ!) በሃይላንዶቹ አፍ አየር ንፉ። ጣሳው ይነሣል። በአንድ በኩል ብቻ ከነፋችሁ ግን ያዘነብላል፣ ልክ እንደ ቫሳ!

የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው፦ የሰጠመ ነገር በትዕግሥት ይወጣል፤ የሞተ ሰው ግን አይመለስም። ስለዚህ ጥፋት ስናይ ቀድመን እንናገር።

ጥያቄ፦ ቫሳ ብዙ ጨው ባለበት ባሕር ውስጥ ብትሰጥም ኖሮ ምን ትሆን ነበር? መልሱን ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር እንሰንብት!

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የሳይንስ አምድ