ሲኒማ የሚያሳየው አገርና ነጋዴ የሚያውቀው አገር

ሰው ሌላውን አገር የሚያውቀው በሦስት መንገድ ነው፤ ራሱ ሄዶ በማየት፥ ከዚያ አገር ከመጣ ሰው ጋር በመነጋገር፥ ወይም ስለዚያ አገር የተሠራውን ሥዕል በመመልከት። መሄድ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መነጋገር ቋንቋ ይጠይቃል፤ ሥዕል ማየት ግን ከዓይን በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። ስለዚህ አብዛኛው ሕዝብ ስለ ውጭ አገር ያለው አሳብ በሲኒማና በቴሌቪዥን የተሠራ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህ ነገር ለጨዋታ ብቻ የሚነሣ ቢሆን ኖሮ በንግድ ጋዜጣ ላይ ቦታ ባልተሰጠው ነበር። ነገር ግን አስመጪ ዕቃውን የሚያዝዘው፥ ላኪም ምርቱን የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ ላላየው አገር ነው። በአሳቡ ያለው ሥዕል የተሳሳተ ከሆነ ሒሳቡም አብሮ ይሳሳታል።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሥዕል ሲራመድና ሲሮጥ ቢያይ ጊዜ ደንግጦ፥ ትርኢቱ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ወደ ምዕራብ ጎጃም ከተሞች ግን ሲኒማ በይበልጥ የደረሰው ብዙ ዘመን ቆይቶ በቪዲዮ ቤቶች አማካይነት ነው። በገበያ ቀን በርበሬና በቆሎ ይዞ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ የመጣ ጎልማሳ፥ እህሉን ሸጦ ጨውና ሳሙና ከገዛ በኋላ፥ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ በጨለማ ክፍል በአግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና የሕንዱን ዘፈን፥ የአሜሪካኑን ተኩስ፥ የቻይናውን ኩንግ ፉ ሲመለከት ያመሽ ነበር። ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩን ይረዳል። ወደ መንደሩ ሲመለስም «ሕንድ ማለት እንዲህ ነው፥ አሜሪካን ማለት እንዲያ ነው» እያለ ለጎረቤቱ ይተርካል። የዱሮው ሰው ሥዕሉን ፈራው፤ የኋለኛው ሰው ግን አመነው። ለነጋዴ ከፍርሃቱ ይልቅ ማመኑ ያሰጋል።

ሥዕልና ሰው ጐን ለጐን ሲቀርቡ ልዩነታቸው ወዲያው ይገለጣል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ በነበሩት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ የሕንድ አስተማሪዎች ያስተምሩ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካን የሰላም ጓድ አስተማሪዎች መጡ። ተማሪው በሲኒማ ያወቀው ሕንዳዊ ከልቅሶ ወደ ዘፈን፥ ከዘፈን ወደ ልቅሶ የሚሸጋገር ነበር፤ በክፍል ውስጥ ያገኘው ሕንዳዊ ግን ጠመኔ ይዞ ሒሳብ የሚያስተምርና በሰዓቱ የሚገባ ጥብቅ መምህር ሆነ። በሲኒማ ያወቀው አሜሪካዊ ፈረስና ሽጉጥ የማይለየው ሲሆን፥ በከተማው ያገኘው ደግሞ መጽሐፍ ይዞ በእግሩ የሚሄድ ወጣት ነበር። ሲኒማው ፈጽሞ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ከብዙው አንዱን ብቻ መርጦ አሳይቷል እንጂ።

በቅርቡ ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራውን ሲጀምር የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ወደ ብዙ ቤት ገባ። ከእነዚህም «ጥቁር ፍቅር» የተባለው የቱርክ ድራማ እጅግ ተወደደ። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች «ገበያችንን ይወስድብናል» ብለው ተቃውሞአቸውን አሰሙ። ለባለሱቅ ግን ሌላም ጥያቄ አለበት። ድራማው የሚያሳየው በኢስታምቡል ባሕር ዳር የተሠራውን ቪላ፥ ሐር የመሰለውን መጋረጃና ውድ መኪና ነው፤ በአናቶሊያ ስንዴ የሚያርሰውን ገበሬና በፋብሪካ ፈረቃ የሚሠራውን ሠራተኛ የሚያሳየው እምብዛም ነው። እንግዲህ ደንበኛ መጥቶ «እንደ ድራማው ያለ የቱርክ መጋረጃ» ብሎ ቢጠይቅ፥ ባለሱቁም በዚሁ ተነሥቶ ገንዘቡን በሙሉ በአንድ ዓይነት ሸቀጥ ላይ ቢያፈስስ፥ ድራማው ሲያልቅ ፍላጎቱም ሊያልቅ እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል። ድራማው ካለቀ በኋላ ደንበኛው የሚመለሰው የጨርቁ ክር ታጥቦ የማይለቅ ከሆነ ብቻ ነው።

ይህ የኛ ሰው ወደ ሌላው ሲመለከት ነው። ሌላው ወደ ኢትዮጵያ ሲመለከትስ? ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው የፊልም አንሺ መሐመድ አሚን በኮረም ያነሡት የረኃብ ሥዕል በቴሌቪዥን ታየ። ብዙም ሳይቆይ በብዙ አገሮች ጣቢያዎች ተሠራጨ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ለእርዳታ የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት የዚህ ሥዕል ውጤት ነው። ሥዕሉ እውነት ነበር፤ የብዙ ሰው ነፍስም እንዲተርፍ ምክንያት ሆኗል፤ ስለዚህ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም።

ስሕተቱ የመጣው ተመልካቹ የኮረምን ሥዕል የመላው ኢትዮጵያና የዘመናት ሁሉ ሥዕል አድርጎ በመውሰዱ ነው። በዚያው ዘመን ጎጃም ከሸዋና ከአርሲ ጋር ትርፍ እህል ከሚያመርቱት ክፍሎች አንዱ ሆኖ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል ያስረክብ ነበር። ከወሎ የተፈናቀሉ አያሌ ወገኖችም በጎጃም ውስጥ በመተከል፥ በበለስ ሸለቆ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ይህን ግን የባሕር ማዶ ተመልካች አላየም። ከዚህም የተነሣ «በእናንተ አገር እህል ይበቅላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር ለብዙ ዓመታት ሲሰሙት የኖሩት ሆነ። ቦሎቄ፥ ሰሊጥና ማር ሊሸጥ ለሚነሣ ላኪ ይህ ጥያቄ ከቀረጥ ያላነሰ ሸክም ነው፤ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት እህሉ በእርግጥ መኖሩን ማስረዳት ይኖርበታልና።

መልካም ሥዕልስ ብቻውን ይበቃልን? ለዚህ የጃፓን ነገር ጥሩ ምስክር ነው። የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ጃፓንን በይበልጥ ያወቀው በሲኒማ ሳይሆን በአይሱዙ የጭነት መኪና ነው። የምዕራብ ጎጃምን በቆሎና በርበሬ ተሸክሞ የዓባይን ቁልቁለትና ዳገት የሚወጣውና የሚወርደው ይህ መኪና ስለ ሠሪዎቹ ከማናቸውም ፊልም ይልቅ ይናገራል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የዓባይ የኅዳሴ ድልድይም በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው።

ጃፓኖች ደግሞ ኢትዮጵያን ያወቁት በአበበ ቢቂላ ነው። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ፥ ኮን ኢቺካዋ የተባለው ታዋቂ የጃፓን ፊልም አዘጋጅ በሠራው የኦሊምፒክ ፊልም ውስጥ ሩጫው በሰፊው ተቀርጿል። ፊቱ ሳይለወጥ ብቻውን የሚሮጠውን ኢትዮጵያዊ ያየ ተመልካች ስለ አገሩ የጽናትና የክብር አሳብ ሳይዝ አልቀረም። ጃፓን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ሆና ቆይታለች።

ይሁን እንጂ በ2000 ዓ.ም. የጃፓን ተቆጣጣሪዎች በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኙ። ወደ ጃፓን ይላክ የነበረው ቡናም እጅግ ቀነሰ። ነገሩ ሲመረመር ጥርጣሬው ያረፈው በቡናው እርሻ ላይ ሳይሆን ቡናው በተያዘበት ጆንያ ላይ ነው። እንግዲህ የአበበ ስም አንድን ጆንያ ሊያድን አልቻለም። ሥዕል በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል፤ በበሩ ከተገባ በኋላ ግን ገበያን የሚያጸናው የዕቃው ንጽሕናና የላኪው ቃል ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. «ጥቁር ወርቅ» የተባለ ፊልም ወጣ። ፊልሙ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን መሪ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን እየተከተለ፥ ገበሬው ለቡናው የሚያገኘውን ዋጋና በሀብታም አገር አንድ ስኒ ቡና የሚሸጥበትን ዋጋ አነጻጽሮ አሳየ። በተከታዩ ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥትና ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካን ኩባንያ በሲዳሞ፥ በሐረርና በይርጋ ጨፌ የቡና ስሞች ላይ ተስማሙ። ፊልሙ የሕዝብን አሳብ አነቃቅቶ ይሆናል፤ ነገር ግን መንግሥት ስሞቹን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻውን ያስገባው ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ነበር። አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰነድ ባይኖር የተመልካች ኀዘኔታ ብቻውን ስምምነት ባላስፈረመ ነበር።

ይህ ትምህርት ዛሬ ለምዕራብ ጎጃም ነጋዴ ይበልጥ ያስፈልገዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ከተነሣው ግጭት ወዲህ ስለ ክልሉ በውጭ አገር የሚታየው ሥዕል በአብዛኛው የጦርነት ነው። ይህም ሐሰት አይደለም፤ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፥ መንገድ ተዘግቷል፥ ጭነትም በየቦታው ቆሟል። ላኪ ይህን ከገዢው ቢሸሽግ በመጀመሪያው መዘግየት ቃሉ ይወድቅበታል። ነገር ግን ሥዕሉ የማያሳየውን፥ ማለት ገበሬው ማረሱን፥ እህሉ በመጋዘን መኖሩን፥ ጭነቱ በየትኛው መንገድና በስንት ቀን ሊደርስ እንደሚችል መግለጽ የላኪው ፋንታ ነው። ያልተነገረውን ባዶ ቦታ ሌላ ሰው በራሱ ሥዕል ይሞላዋልና።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይጠቅማል።

አንደኛ፥ አስመጪ ስለ አገሩ በያዘው አሳብ ሳይሆን በናሙና ይዘዝ። ዕቃው አዲስ ከሆነ አስቀድሞ ጥቂት አስመጥቶ ይፈትን፤ ባለሱቅም ዕቃው በእርግጥ የተሠራበትን አገር ለደንበኛው ሳይሸሽግ ይንገር። በማሸጊያው ላይ የተለጠፈ የአገር ስም የዕቃውን ጥራት አይመሰክርም።

ሁለተኛ፥ ላኪ የራሱን ሥዕል ራሱ ያሳይ። በአሁኑ ዘመን በኪስ በሚያዝ ስልክ ፊልም ማንሣት ቀላል ሆኗል። በርበሬው የሚሰጣበትን አውድማ፥ በቆሎው የሚነፋበትን ወንፊት፥ ጆንያው የሚጠበቅበትን መጋዘን ቦታውንና ቀኑን ጠቅሶ ከናሙናው ጋር ቢልክ፥ ገዢው በሩቅ ሆኖ የሚያምንበትን ያገኛል። ሆኖም ያማረውን መርጦ ጉድለቱን መሸሸግ ሲኒማ የሚነቀፍበትን ስሕተት መድገም ነው። ሥዕሉና ጭነቱ አንድ ይሁኑ።

ሦስተኛ፥ አገርን የሚያሳዩ የጥበብ ሰዎች የነጋዴ ባልደረቦች መሆናቸው ይታወቅ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በቬኒስ ሲሸለም፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የያሬድ ዘለቀ ፊልም በካን የፊልም በዓል ላይ ሲታይ፥ ባዕድ ተመልካች ከኮረሙ ሥዕል ሌላ ኢትዮጵያ አየ፤ ደጋውን፥ ቤተሰቡን፥ ማዕዱን። በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ችግር አልተሸሸገም፤ ነገር ግን ችግረኛው ስምና አሳብ ያለው ሰው ሆኖ ቀርቧል።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ነጋዴም በሥራው የመንገድ ሰው ነው፤ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የአገርን ስም ጭኖ ይሄዳል፥ የሌላውንም ስም ጭኖ ይመለሳል። ሲኒማ በሁለት ሰዓት ያሳመነውን ለማቃናት የነጋዴ ቃል ብዙ ዓመት ይፈጅበት ይሆናል፤ ቢሆንም ገዢ በመጨረሻ ጆንያውን ፈትቶ የሚያየው በገዛ ዓይኑ ነው።