«ሠርቼዋለሁ» እና «ተሠርቷል» ለየቅል ናቸው

የመኪና ባለቤቶች በተገናኙበት ሁሉ የማይቀር ወሬ ቢኖር የመካኒክ ወሬ ነው። «ተሠርቷል ተብዬ ከፍዬ ወሰድኩት፤ ሳምንት ሳይሞላው ያው በሽታው ተነሳበት» የማይል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ወሬው ግን ከምሬት አያልፍም። አንዱ ዕድሉን ረግሞ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። ሌላው በንዴት ፖሊስ ጣቢያ ይሮጣል። ሁለቱም መንገዶች ብዙ ጊዜ አያዋጡም። «በእኔና በመካኒኩ መካከል ያለው ግንኙነት በሕግ ዓይን ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፌ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል።

ጥያቄው ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ኪስን የሚነካ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ተሰቀለ። ስለዚህ በእጃችን ያለችውን አሮጌ ቶዮታ እየጠገንን ከመንዳት ሌላ ብዙ ምርጫ የለንም። እዚህ ሀዋሳ ደግሞ ከከተማ ወጣ ሲባል ወደ ሻሸመኔም ሆነ ወደ ይርጋለም የሚወስደው መንገድ ከባድ መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት ይጋፉበታል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ በደንብ ያልታሰረ የፍሬን ሸራ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የነፍስም ጉዳይ ነው።

ውሉ የምን ውል ነው?

መኪናዎን ለመካኒክ ሲሰጡ የተፈረመ ወረቀት ባይኖርም ውል ገብተዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1719 እንደሚለው፣ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በስተቀር ውል በቃልም ይጸናል። ዋናው ነገር የውሉ ዓይነት ነው። ሕጉ ከቁጥር 2610 ጀምሮ የሚገዛው አንድ የውል ዓይነት አለ፤ በዚህ ውል ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ይገደዳል፣ አሠሪው ደግሞ ዋጋ ይከፍላል። የጋራዥ ሥራ በአመዛኙ የሚወድቀው እዚህ ውስጥ ነው።

«ውጤት» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ሐኪም ሊያድንዎ የሚችለውን ሁሉ እንዲያደርግ እንጂ ፈውስ እንዲሰጥዎ አይገደድም። ጠበቃም በትጋት እንዲከራከር እንጂ እንዲረታ ግዴታ የለበትም። መካኒኩ ግን «ለፍቻለሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከሥሩ ተኝቻለሁ» ማለቱ ብቻውን ነጻ አያወጣውም። የተስማማችሁበት ነገር ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም? ጥያቄው ይህ ነው። «ሠርቼዋለሁ» እና «ተሠርቷል» የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ የተስማማችሁት በምን ነበር?

ብዙ ክርክር የሚሰናከለው እዚህ ነው። አንድ የማውቀውን ጉዳይ ላንሳ። የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ወዳጄ መኪናው ሞተር እያሞቀ አስቸገረውና ከከተማችን ጋራዦች ወደ አንዱ ወሰዳት። መካኒኩ ቴስታታውን አውርዶ ጓርኒሲዮኑን ቀየረ፤ 28,000 ብር ተቀበለ። በ12ኛው ቀን መኪናዋ በሻሸመኔ መንገድ ላይ በእንፋሎት ታፍና ቆመች። መካኒኩ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ባጭሩ «ጓርኒሲዮን ቀይር አልከኝ፣ ቀየርኩ» የሚል ነበር። ደረሰኙም ላይ የተጻፈው «ጓርኒሲዮን ተቀይሯል» ብቻ ነው።

ጉዳዩ በዚህ ቢቆም መካኒኩ የሚከራከርበት ነገር ነበረው። ወዳጄ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በስልክ የተላላከው መልእክት በእጁ ነበር። «ሞተሩ ያሞቃል፤ ሻሸመኔ ሳልደርስ ይነሳል፤ ይህን አጥፋልኝ» ብሎ ጽፎለታል። መልሱም «ችግር የለም ጋሼ፣ ይጠፋል» ይላል። ስለዚህ ቃል የተገባው ውጤት የጓርኒሲዮን ቅያሬ አልነበረም፤ የሙቀቱ መጥፋት ነበር። አንዲት አጭር መልእክት የክርክሩን መልክ ለወጠችው።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። መኪናዎን ሲሰጡ የሚቀየረውን ዕቃ ሳይሆን የሚጠፋውን በሽታ ይናገሩ፤ ቢቻል በጽሑፍ። «የፊት ሸራ ቀይር» ከማለት «ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይጎትታል፤ ይህ እንዲጠፋ እፈልጋለሁ» ማለት ይሻላል። በሽታውን መመርመር የመካኒኩ ሙያ ነው። ሐኪም ቤት ገብተን መድኃኒቱን ራሳችን የምናዝ ከሆነ በኋላ ሐኪሙን መውቀስ ይከብደናል።

ሲበላሽ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይወስናሉ

የሥራ ጉድለት ሲያጋጥም ሰው በንዴት ወደ ሁለተኛ መካኒክ ይሮጣል። ሁለተኛው ከንፈሩን ይመጣል፣ «ማነው እንዲህ የጨፈጨፈው?» ይላል፣ ወዲያው ይፈታዋል። በዚያች ቅጽበት ማስረጃው አብሮ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የመጀመሪያው ይሁን የሁለተኛው ማን ይመሰክራል?

ሕጉ የሚያዘው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። ውል ያልተፈጸመለት ሰው በቁጥር 1771 መሠረት ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል፤ ከዚህም በላይ ኪሣራ መጠየቅ ይችላል። በቁጥር 1772 መሠረት ግን በመደበኛው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያው ምክንያታዊ ጊዜ የሚሰጥ፣ ፍላጎትን በግልጽ የሚያሳይ ይሁን። «በዚህ ቀን የሠራኸው ሥራ ይህን ጉድለት አሳይቷል፤ እስከዚህ ቀን እንድታስተካክል» የምትል አንድ ገጽ ትበቃለች። በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ አንዱን ማስፈረም፣ አልፈርምም ካለ በምስክር ፊት መስጠት ነው።

«በሌላ አሠርቼ ሒሳቡን እልክለታለሁ» የሚሉም አሉ። ቁጥር 1777 ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ባለገንዘቡ ሥራውን በባለዕዳው ወጪ እንዲያሠራ ሊፈቀድለት ይችላል ነው የሚለው። በራስ ሥልጣን የሚደረግ አይደለም። ሳያስጠነቅቁና ሳያስፈቅዱ አሠርቶ ሙሉ ሒሳቡን መጠየቅ ክርክሩን ያከብደዋል።

ሌላው መርሳት የሌለብን ቁጥር 1802 ነው። ተበዳዩም ጉዳቱ እንዳይሰፋ የበኩሉን ማድረግ አለበት። የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ደርሶ «ቤቴ ልድረስ» ብሎ የሚነዳ ሰው፣ በዚያ የተነሳ የተቃጠለውን ሞተር ሁሉ በመካኒኩ ላይ ልጫን ቢል አይሰማም።

ወዳጄ ያደረገው እንዲህ ነው። መኪናዋን አስጎትቶ አቆመ፤ ለመካኒኩ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ገለልተኛ መካኒክ ሲፈታው የመጀመሪያው እንዲገኝ ጠራው። ሁሉም ባሉበት ቴስታታው ወርዶ ቀጥ ባለ ብረት ሲለካ መጣመሙ ታየ። ሞተር በጣም ሲያሞቅ ቴስታታ ሊጣመም ይችላል፤ ወደ ቶርኖ ቤት ተልኮ ፊቱ ሳይስተካከል አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባበት አጥብቆ አይይዝም። ይህ አልተደረገም ነበር። ሙቀቱን መጀመሪያ ያመጣውም የራዲያተሩ ማራገቢያ አለመሥራቱ መሆኑ በዚያው ታወቀ። ገለልተኛው መካኒክ ያየውን በአንድ ገጽ ጽፎ ፈረመ።

ሸማች ሲሆኑ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሌላ በር ከፍቷል። ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ በድጋሚ እንዲሰጠው ወይም የከፈለው እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ቀን መቁጠር ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። ይህን አዋጅ ያስፈጽም የነበረው የፌዴራል ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ በየከተማው አቤቱታ የሚጀመረው ንግድን ከሚመራው መሥሪያ ቤት ነው። ደረሰኝ የሌለው አቤቱታ ግን አንካሳ ነው። «ያለ ደረሰኝ ቅናሽ አለው» የሚለውን ግብዣ መቀበል መብትን በቅናሽ እንደ መሸጥ ይቆጠራል።

አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ባጃጁን ለገቢ የሚያሠራ ሰው በዚህ ነጥብ ክርክር ሊነሳበት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ለእርሱም ለቤት መኪና ባለቤትም እኩል ክፍት ነው።

ፖሊስ ጣቢያ የሚኬደው መቼ ነው?

መጥፎ ሥራ በራሱ ወንጀል አይደለም። ያልተዋጣለት መካኒክ ባለዕዳ እንጂ ሌባ አይባልም። ነገሩ የሚለወጠው ማታለል ሲገባበት ነው። በአደራ ከተሰጠው መኪና ላይ ደህናውን ዕቃ ፈትቶ አሮጌ የገጠመ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 675 በእምነት ማጉደል ሊጠየቅ ይችላል፤ ያልቀየረውን «ቀይሬዋለሁ» ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ደግሞ በቁጥር 692 በማታለል። ለዚህ መከላከያው የወጣውን አሮጌ ዕቃ መቀበል ነው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው ሕግ ጋራዦች ከሥራው በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ እንዲሰጡ፣ ደንበኛው ከጠየቀም የወጣውን ዕቃ እንዲመልሱ አስገድዳለች። እኛም «አሮጌውን አስቀምጥልኝ» ለማለት ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም።

የመካኒኩስ ወገን?

ፍርድ ሁለቱን ወገን ሲሰማ ነው። ርካሹን መለዋወጫ ራሱ ገዝቶ ያመጣ፣ «ለዛሬ ማታ አድርስልኝ» ብሎ ያስቸኮለ፣ «ዋናውን ተወው፣ ለጊዜው ብቻ እንድትንቀሳቀስ አድርጋት» ያለ ደንበኛ የራሱን ድርሻ ይይዛል። ያም ሆኖ ዕቃው እንደማይሆን እያወቀ ዝም ብሎ የገጠመ ባለሙያ «ያመጣኸው አንተ ነህ» ብሎ አያመልጥም፤ ቁጥር 1732 ውል በቅን ልቦና እንዲተረጎም ያዛልና። ጎበዝ መካኒክ «ይህ ዕቃ አይሆንም፤ ካልክ ግን ፈርምልኝ» ይላል። ጽሑፍ የሚጠብቀው ባለመኪናውን ብቻ አይደለም።

ክስ ወይስ ሽምግልና?

ለ28,000 ብር ፍርድ ቤት መመላለስ የሥራ ቀን፣ የዳኝነትና የጠበቃ ወጪ አለው። ስለዚህ ሽማግሌን አልንቅም። በሲዳማ ባህል አለመግባባት የሚታይበት ሥርዓት «አፊኒ» ይባላል፤ ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ፍርድ ከመስጠት በፊት መስማት ይቅደም ማለቱ ነው። ነገር ግን ሽምግልና የሚሠምረው ባዶ እጅ ሲቀመጡ አይደለም። መልእክቱ፣ ደረሰኙ፣ ማስጠንቀቂያውና የባለሙያው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲኖሩ ሽማግሌውም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

የወዳጄ ጉዳይ ያለቀው እንዲሁ ነው። መካኒኩ የቶርኖ ቤቱንና የአዲሱን ጓርኒሲዮን ዋጋ ችሎ ሥራውን ያለ ክፍያ ደገመው። ማራገቢያውን ወዳጄ ገዛ፤ ቀድሞ ቢታወቅም ሊገዛው የሚገባ ዕቃ ነበርና። የማስጎተቻውን ሒሳብ ለሰላም ሲል ተወው። ማንም አልተሰደበ፣ ማንም አልታሰረ። ዛሬም ያ መካኒክ ያንኑ መኪና ይጠግናል። ልዩነቱ አሁን ሥራ ሲቀበል በደብተሩ ላይ የዕቃውን ስም ብቻ ሳይሆን የሚጠፋውን በሽታም ይጽፋል፤ ደንበኛውንም ያስፈርማል።

መብት በጩኸት አይጸናም። መኪናውን ስንሰጥ ምን እንደተስማማን፣ ሲበላሽም መቼና እንዴት እንዳስጠነቀቅን ማሳየት ከቻልን ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ማሳየት ካልቻልን የሚቀረን ያው የመካኒክ ወሬ ነው።